ሁላችንም እያነበብነው ያለው መጽሐፍ

ሰኞ

የጠየቅኳቸው ስድስቱም ጸሐፍት አንድ መልስ ሰጡኝ። ለሥነ ጽሑፍ ክበባችን የግድግዳ መጽሔት «የፍኖተ ሰላም ጸሐፍት ምን እያነበቡ ነው?» የሚል አምድ አዘጋጃለሁ ብዬ በፈቃዴ ጣጣ ውስጥ ገባሁ። ገጣሚው፣ ወግ ጸሐፊው፣ ልብ ወለድ ጀማሪው፣ ሁሉም የሚያነበው በሬዲዮ የተወራለትን ያንኑ አዲስ ልብ ወለድ ነው። ከስድስቱ አንዱ መምህር ይበልጣልማ ጭራሽ «ሳነበው ሁለተኛዬ ነው» አለኝ።

ሰባተኛዋ እኔ ነኝ። ስለ ራሴም ያንኑ ጻፍኩ። መጽሐፉን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ማክሰኞ

ከመሥሪያ ቤቴ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ሾልኬ ጋሽ አዲሴ ሱቅ ሄድኩ። እዚህ ከተማ መጽሐፍ የሚያከራዩ እሳቸው ብቻ ናቸው። መጽሐፉን ስጠይቃቸው ሳቁ።

«የመጣልኝ አንድ ፍሬ ነው። ልብስ ሰፊዋ የሻረግ ቡሬ ስትዛወር ይዛው ሄደች፤ ሁለት ወር ሊሞላት ነው።»

ሌሎቹ ከባሕር ዳር አስመጥተው ይሆናል አልኳቸው። «ማን አስመጥቶ? ሁሉም እየመጡ ‹አልተመለሰም ወይ?› ይሉኛል» ብለው ስም ጠሩልኝ። መምህር ይበልጣልም አለበት።

ቤቴ እስክደርስ ስሳደብ መጣሁ። ከገባሁ በኋላ ግን ማንን ነው የምሳደበው አልኩ። ዘንድሮ ያነበብኩት፦ የቢሮ መመሪያ። የራሴ ግጥሞች፣ ደጋግሜ። የሁለት መጽሐፍ የጀርባ ሽፋን። በቃ። ግጥም እጽፋለሁ የምል ሴትዮ። በጣም አፈርኩ።

ረቡዕ

ጋሽ አዲሴ ያሉኝን ለይበልጣል ነገርኩት። አልካደም። «ተይው፣ ክበቡን የያዘው ይሉኝታ ነው። ካዋረድሻቸው ማን ይመጣል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። አዳራሹን ከቀበሌ ያገኘነው ስንት ለምነን ነው። ክበቡ ከፈረሰ እኔም መጻፍ እንደማቆም አውቀዋለሁ። ቢሆንም ውሸት አልለጥፍም። አምዱን ቀደድኩት፤ ቀለል አለኝ።

ዓርብ

ፈቃድ ወስጄ በሚኒባስ ቡሬ። እትዬ የሻረግን ወደ ነቀምት መውጫው ላይ አገኘኋቸው፤ መጽሐፉ በቁራጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የስፌት መኪናቸው አጠገብ ተቀምጧል።

መጽሐፉን እንዴት አገኙት አልኳቸው።

«መኻሉ ይንዛዛል፣ እታለም። ሰውየው ሚስቱን ትቶ የሄደበትን ምክንያት ደግሞ አላመንኩትም። ለምን እንዳላመንኩት ለማወቅ ብዬ ሦስቴ አነበብኩት።»

እኛ ክበብ ውስጥ የሚባለው «ግሩም ነው» ብቻ ነው። ለእሑዱ የክበባችን ስብሰባ እንዲመጡልን ለመንኳቸው። «እኔ ጸሐፊ አይደለሁ፣ ምን ልሠራ?» አሉ። ጸሐፊ ሞልቶናል፣ ያጣነው ያነበበ ሰው ነው አልኳቸው። በግድ እሺ አሉ።

ቅዳሜ

እትዬ የሻረግን የጠራኋቸው ማንንም ለማጋለጥ አይደለም። ራሴን ግን አጋልጣለሁ፤ ቆርጫለሁ።

እሑድ

አሥራ አራት ሰው መጣ። እትዬ የሻረግ ሲያወሩ ሁላችንም እንደ አዋቂ ራሳችንን እንነቀንቃለን። ከዚያ ዞር ብለው፣ «የሚስትየዋን ደብዳቤ እናንተ እንዴት አያችሁት? እኔ አልገባኝም፤ ጸሐፊዎች ናችሁና አስረዱኝ» አሉ። ከልባቸው ነው።

ይበልጣል ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ተነሣሁ። «እትዬ፣ እኔ አላነበብኩትም። አንብቤዋለሁ ብዬ ግን ጽፌ ነበር።»

ወግ ጸሐፊው ተነሥቶ ወጣ። አንድ ሌላ ተከተለው። አለቀልን አልኩ። ይበልጣል አቀርቅሮ «እኔም» አለ። ከኋላም አንድ ሰው «እኔም» አለ።

እትዬ የሻረግ አልሳቁብንም። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ለይበልጣል ሰጡት። «መምህር፣ እስቲ እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡልን።»

አነበበ። ሲደክመው ተቀበልኩት፤ ከእኔም ሌላው ተቀበለ። የወጡት ሁለቱ ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም። ወሬው ከተማውን ማዳረሱ ግን አይቀርም።

አመሻሽ ላይ የአዳራሹ ዘበኛ ሊዘጋ መጣ። ምዕራፉ ስላላለቀ ደጃፍ ላይ ቆመን ጨረስነው።