ነጋ ብዬ የመለስኩልሽ ሰላምታ

ውድ ሎኮዬ፣

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለተኛው የበልግ ዝናብ ዛሬ ጣለ። በቅድሚያ አንድ ከባድ ዜና በይፋ አስታውቅሻለሁ፤ ተቀምጠሽ ስሚ፤ ይቅርታ፣ ተኝተሽ ስሚ። የጎረቤታችን አህያ በእጅሽ የተከልሽውን የቅንጭብ አጥር ጠራርጋ በላችው። ነጌሌ በሙሉ አዝኗል።

ሌላው ወሬ የልጃችን የጉዮ ነው። አዲስ አበባ የሚያስተምርበት ኮሌጅ የምህንድስናውን ዲግሪ ትምህርት እንደ አዲስ ቅረጹ ካላቸው መምህራን አንዱ ሆኗል። ካሪኩለም ይሉታል፤ እኔ ምላሴ ስለሚተሳሰር «የጉዮ ነገር» እለዋለሁ። የውሃ ምህንድስና የሚማር ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ወቅት ሙሉ እዚህ ቆላ ወርዶ፣ ከቦረና ኤላዎች፣ ከጥልቆቹ የውሃ ጉድጓዶች አጠገብ ይኑር ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያውን ሳምንት ደግሞ ምንም ሳይለካ ሰላምታ ብቻ ይማር አለ። ባልደረቦቹ ሳቁበት አሉ፤ ሰላምታ ደግሞ ማርክ አለው ወይ ብለው።

ከማን እንደወረሰው እኔና አንቺ እናውቃለን። ወታደር ሆኜ እዚህ በገባሁ ሰሞን፣ ኤላው አፍ ላይ ቆመሽ «ናጋ?» ስትዪኝ፣ በኦሮምኛ ሰላም ነው ወይ ማለትሽ መሆኑን በየት በኩል ልወቅ! ነጋ ወይ ያልሽኝ መስሎኝ ፀሐይዋን እያሳየሁ «ነጋ እንዴ? ቀትር ሆነ እኮ!» አልኩሽ። ውሃ ቀጂዎቹ ባልዲያቸውን ጥለው ሳቁ። አንቺማ የሰዉን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ናጋ ጠይቄ እስክጨርስ ጠብታ ውሃ ከለከልሽኝ። በጥም ልሞት ስል ተማርኩ፤ ኋላም አገባሁሽ።

አሁን የኮሌጁ ጉባኤ፣ ተማሪዎቹ የሚያርፉበት ቦታ ከተገኘ ሐሳቡ ይጽደቅ፣ ካልተገኘ ይሰረዝ ብሏል። ጉዮ ተስፋ ቆርጦ ጻፈልኝ። እኔ ግን ወይ ፍንክች! ግቢያችን ድንኳን ይችላል ብዬ በቴሌግራም መለስኩለት። ሰላምታውንም እኔው አስተምራቸዋለሁ፤ የተሳሳተ ውሃ የለውም። እንዳንቺ እስቅባቸዋለሁ።

የሚመጣው ተማሪ ሁሉ «ናጋ?» ባለኝ ቁጥር፣ አንቺን እያሰብኩ «ነጋ» ብዬ እመልሳለሁ። ጉልበቴ እስካለ ድረስ ይህ አይቀርም።

አንዷን ነገር ግን ፈጥሬያታለሁ። ቅንጭብ የሚበላ አህያ እንደሌለ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ግቢው ለድንኳኖቹ ጠቦብኝ አጥሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። አህያዋን ተያት፤ ቁጣሽን ለእኔ አቆዪልኝ።