በጎን የተከፈተ ጨዋታ

ጥር 14፣ ማለዳ
ውርጭ። ቀለሙ ብዕሬ ውስጥ ረግቷል፤ በትንፋሼ እያሞቅሁ ነው የምጽፍልህ። የአውራጃው ቼዝ ፍጻሜ እሑድ፣ እዚሁ ደባርቅ፣ ቀበሌ አዳራሽ። ተጋጣሚዬ ካድሬው። ጋሻው ከት/ቤት መልስ ያለማምደኛል። አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ ጎበዝ መምህር፣ ግን አፉ አያርፍም። ስለዚህ በንጉሡ ወታደር እከፍታለሁ ብዬዋለሁ። ውሸት! በጎን ነው፤ በንግሥቷ በኩል ከዳር ሦስተኛው ወታደር። ሰባተኛው እርምጃ ላይ አንድ ወታደር እተውለታለሁ። ከበላት ንግሥቱን ያጣል። አልፏት ፈረሱን መሐል ካስገባ ግን አለቀልኝ። የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ ደብተሬ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
ትናንት ስለ ደጀኔ የጻፍኩልህን ደግሜ አነበብኩት። ፈራሁ። ወንድሜ ከካድሬዎቹ ሸሽቶ ጃናሞራ መደበቁ ከታወቀ አይምሩትም። መቅደድ ነበረብኝ። ግን ለማን ልተንፍስ?

ጥር 18፣ እሑድ ከሰዓት
ተሸነፍኩ። የጎኑን ወታደር ገፋሁ። ካድሬው ሲጋራውን እንኳ ከአፉ ሳያወጣ መለሰ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ። ያ ለአንድ እርምጃ ሩብ ሰዓት የሚያስጠብቀን ሰውዬ! ሰባተኛው ላይ ወታደሬን ተውኩለት። ፈገግ አለ። አልበላም። ፈረሱን መሐል አስገባ። ቀና አልኩ። ጋሻው ከተመልካቹ መካከል ጫማውን ያያል።

ያው ቀን፣ አመሻሽ
ጋሻውን ጠየቅሁት። አልካደም። ዝውውር ቃል ገብተውለታል፤ ጎንደር፣ ሚስቱ ዘንድ። ለዚህች! አምስት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተናል።
«ወንድምዓለም፣ የጨዋታዋን ገጽ ብቻ ነው ያየሁ፤ በማርያም» አለኝ።
ልምረው ቃጣኝ። ሞኝ ነኝ። ካፖርቱን ደርቦ ሊወጣ ሲል፣ ሊያጽናናኝ መሰለኝ፣ ረጋ ብሎ፦
«የደጀኔም እግር ይድናል፤ አትስጋ።»
ስለ እግሩ መቁሰል ከአንተ ከደብተሬ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ከጨዋታው ዕቅድ ጀርባ፣ እዚያው ቅጠል ላይ ነው። መንደሩም፣ ያስጠጉት ቄስ ስምም አለበት። ለካድሬው ይህንንም ነገርከው ወይ አልኩት። በሩን ዘግቶ ወጣ።

ጥር 19፣ ጎህ ሲቀድ
ጋሻው አልተመለሰም። ወደ ጃናሞራ እሄዳለሁ። ደጀኔን ተሸክሜም ቢሆን ከዚያ አወጣዋለሁ። አንተን ምድጃው ውስጥ እከትሃለሁ። ይቅር በለኝ፤ የለፈለፈው የእኔ እጅ ነው።
የካድሬው መኪና ተነሣ። ወደ ጃናሞራ በሚወስደው በሳንቃ በር መንገድ ታጠፈ። እኔ በገደሉ አቋራጭ