እማማ ወለተሰንበት በሬዲዮ አልተናገሩም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ለሱብሂ ሶላት ሲወጡ ብርድ እንዳይመታዎ ጋቢዎን ደርበው ይውጡ። እማዬስ ደህና ናት? የግፊት ኪኒኗን ሳታቋርጥ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትንሽ ሲሻላት ትተወዋለች? እኔ አልሀምዱሊላህ ጤና ነኝ። ከጤና በቀር ግን የምነግርዎ ደግ ነገር የለኝም።

ባለፈው ደውለው የተማሪዬን የሬዲዮ ዝግጅት እንደሰሙ በደስታ ሲያወሩልኝ ነበር። እማማ ወለተሰንበት የሚባሉ አሮጊት፣ የጌጃ ሰፈር ቤታቸው ሊፈርስ ሲል በሩን ቆልፈው እንደወጡ ሲናገሩ እንባዎ መጣ። ከጁምዓ በኋላም ያዘጋጀው የልጄ የቢልቂስ ተማሪ ነው ብለው ለመስጊዱ ጀመዓ ሁሉ ተረኩት። እኔም ዝግጅቱን ገና ሳልሰማው በደስታ ሰከርኩ። በማግስቱ ኮሌጅ ገብቼ አባቴ የኛን ልጅ ሰምተው አለቀሱ ብዬ ለመምህራኑ አወራሁ።

አባዬ፣ ያ ዝግጅት ውሸት ነው።

በዚያው ሳምንት እኔ በተከራየሁበት በልደታ ኮንዶሚኒየም ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ አንዲት ሴት መጥታ በሬን አንኳኳች። ዓይኗ አብጧል። የእማማ ወለተሰንበት ልጅ ናት። እናቴ የሞተችው ሰፈሩ ሳይፈርስ ነው፤ በእናቴ ስም በሬዲዮ የምታለቅሰው ሴት ማን ናት? አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ሆና ሰምታው መንገድ ላይ ወርዳለች፤ የኮሌጃችን ስም ሲጠራ ሰምታ፣ እዚያ እንደማስተምር ስለምታውቅ ነው እኔ ዘንድ የመጣችው። ፊቴን የት ላግባው!

ዝግጅቱን የሠራውን ነጋ የሚባለውን ተማሪ ጠራሁት። መጀመሪያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሴትየዋን ቤታቸው ሄጄ አነጋግሬያለሁ አለኝ። ልጃቸው እዚህ ናት፣ ልጥራት ወይ? ስለው እውነቱን አወጣ። ለካ ከዓመታት በፊት የተመረቀች ተማሪዬ አማል የጻፈችውን የመመረቂያ ጽሑፍ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገዝቶ ነው። እዚያ የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ ሽንኩርት ይቸበቸባል፤ የሚያፍርም የለም። አማል እማማን በሕይወት ሳሉ እየተመላለሰች አነጋግራቸዋለች። ነጋ የቃለ መጠይቁን ቀን ቀይሮ፣ የማፍረሱን ቀን ከራሱ ጨምሮ፣ የእማማን ቃል ደግሞ አክስቱን አስነበባት። አክስትዮዋም አላሳፈረችውም፣ በደንብ አለቀሰችለት። እርስዎ ያለቀሱት ለእሷ ነው።

ሰው ሁሉ ወዶት የለ እንዴ መምህር፣ ምን ችግር አለው? አለኝ። ደሜ ፈላ። አማል ዛሬ ሥራ አጥታ እዚያው ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ ትሸጣለች። ዝግጅቱን ሱቅ ውስጥ ሰምታዋለች። የኔ ስም አለመጠራቱ ይቅር፤ እማማ ያላሉትን ለምን አስባላቸው? ብላ ነው የጠየቀችኝ። እማማ ለእሷ የነገሯት፣ ቤቱ ይፈርሳል ቢባልም ማታ ማታ ሳልቆልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም ብለው ነበር። ይኸው ነው። ለቅሶም አልነበረበትም።

አባዬ፣ ልጅ ሆኜ ከእርስዎ ዘንድ ቁርአን ስቀራ አንድ የነቢዩን ሐዲስ ሰምቼ ከመጣሁ ማን ነገረሽ? ለእሱስ ማን ነገረው? እያሉ እስከ ጫፉ ያስኬዱኝ ነበር። አንዱ ሰው ከመካከል ከጎደለ አልቀበልም ይሉኝ ነበር። ምንጭ መጥቀስ፣ ዋቢ ማስቀመጥ የሚባለውን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከእርስዎ ተምሬው ነው የሄድኩት። ተማሪዎቼንም ክርስቲያን ሙስሊም ሳልል ይህንኑ ስለምጠይቃቸው መምህር ማን ነገረሽ ብለው ስም አውጥተውልኛል። ታዲያ እርስዎ እንኳ ይህን ማን ነገረው ሳይሉ ለጀመዓው አወሩት! ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ግን አንጀቴ አርሯል።

ለነጋ ዜሮ ሰጠሁት። የኮሌጁ ዲን አስጠራኝ። ዝግጅቱ ለኮሌጁ ስም አምጥቷል፣ ልጁንም ሬዲዮ ጣቢያው ሊቀጥረው ነው፣ ውጤቱን አስተካክለሽ ፈርሚ አለኝ። እኔ ደግሞ ጣቢያው እንቢ ብሎኝ ስለነበር፣ እሱ ይናገርልኝና ለአንዲት ደቂቃ ብቻ እርማት ይውጣ ብዬ ለመንኩ። ያለፈ ነገር ለምን ይነካካል አለ። ይባስ ብሎ፣ አባትሽስ ሰምተው አልቅሰው የለ እንዴ? አለኝ። ወላሂ፣ ከተናገረው ሁሉ እንደዚህች ያቆሰለኝ የለም። አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። ከሰኔ በኋላ ውልሽ አይታደስም ብለውኛል። ውጤቱን ሌላ ሰው ይፈርምለታል፤ ነጋ ይመረቃል፤ ነገ ደግሞ በየቤቱ ዜና ያነብላችኋል።

የእማማ ልጅ ካሳ አልጠየቀችኝም። ያች ሴት እናቴ አይደለችም የሚልልኝ አንድ ሰው ፈልጊልኝ ነው ያለችው። ኮሌጁም ጣቢያውም እንቢ አሉ። የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። በመጪው ጁምዓ፣ እዚያው ባወሩበት ቦታ፣ ለእነዚያው ሰዎች፣ የነገርኳችሁ ሐሰት ነበር፣ ሴትዮዋ በሬዲዮ አልተናገሩም ይበሉልኝ። በዚህ ዕድሜዎ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። ቢከብድዎም ይበሉልኝ።

ሥራ ማጣቴን ለእማዬ ቀስ ብለው ይንገሯት፤ ግፊቷ እንዳይነሳ። እህቴን ሳዲያን ከነልጆቿ ይሳሙልኝ። አጎቴ በከር ያንን ዝግጅት በስልኩ ቀድቶ ለጎረቤት እያሰማ ነው አሉ፤ ሰላም ይበሉልኝ፣ ያጥፋውም። ጎረቤቶቻችንን በሙሉ ሰላም ይበሉልኝ። ለእኔ ሥራ ዱዓ ከማድረግዎ በፊት፣ አባዬ፣ የሟቿን ሴትዮ ስም ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ቢልቂስ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 2006 ዓ.ም.