ለሦስተኛው ምሰሶ የተገዛ ካሜራ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ጢሜን ተላጨሁ። እንደ ወትሮው እስከ እግረኛው ድልድይ ሄጄ ተመለስሁ። ወንዙ ጎድሏል... በምሰሶው ሥር ያለው ጉድጓድ እጅግ አሳሳቢ በሆነ ሁኔታ ሰፍቷል። ወይስ ዓይኔ አጋነነው? አያጋንንም። በማተሚያ ቤት የአራሚ ወንበር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠ ዓይን ነው።

ልጄ ማዶ ባለው ሆስፒታል ነርስ ናት። ጠዋት ስትሄድ በዚያ ድልድይ ትሻገራለች፤ በስምንት ሰዓት ከሥራ ወጥታ ስትመለስም በዚያው፣ ስምንት ከአሥር ላይ። ዛሬም ከዛፉ ሥር ቆሜ እስክትሻገር ጠበቅሁ። አላየችኝም። ብታየኝማ፣ እኔ ሕፃን ነኝ ወይ ብላ ሳምንት ሙሉ ታኮርፋለች።

ለአምስተኛው ደብዳቤዬ መልስ መጣ። ከማዘጋጃ ቤቱ የመንገድና ድልድይ ክፍል። አንድ መስመር ተኩል፦ ጉዳዩን የሚያስረዳ ፎቶግራፍ ካልተያያዘ አቤቱታውን ማየት አንችልም። ሰላምታ የለ፣ መዝጊያ የለ። አምስት ደብዳቤ ጻፍሁላቸው፤ እያንዳንዱ መግቢያ፣ ሐተታና ማጠቃለያ ያለው፣ አንዲት ነጥብ ያልጎደለችበት። እነሱ ግን... ሥዕል አሳየን። ሥዕል ካላዩ ተረቱ የማይገባቸው ሕፃናት ደመወዝ ይበላሉ።

ጉድጓዱ ደግሞ ከላይ ሲታይ የመዳፍ ያህል ጥላ ነው። ሆዱ ያለው ከውሃው በታች ነው። በምን ይነሣል?

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

መፍትሔ ከአማቼ ተገኘ። የልጄ ባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ በጥቁር ናስትሮ የማይጠገን ነገር አለ ብሎ አያምንም።

«አባባ፣ ለዚች ብለው ካሜራ ሊገዙ? ስልኬን በፌስታል እንጠቀልላትና መንከር ነው» አለ።

ጠቀለለ። ነከረ። ያወጣው ሥዕል... ጭጋግ የለበሰ አውራ ጣት። የራሱ አውራ ጣት። ስልኩ አሁን ድስት ሙሉ ሩዝ ውስጥ ተቀብሯል፤ ውሃውን ይመጥለታል አሉ፤ ማንም እንዳይነካው ታዟል። ሩዙንስ ማን ሊበላው ነው?

ዓርብ፣ ግንቦት 9

አሥራ አንድ ጥያቄ በካርድ ላይ ጽፌ ካሜራ መሸጫ ሄድሁ። ባለሱቋ አርባውን የተሻገረች ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ማስቲካ ታኝካለች። ከጥያቄዎቼ አራቱን መለሰች፤ አራቱንም እያኘከች። በዚህ ደብተር ላይ ስሟ ማስቲካዋ ነው።

ኪስ የሚገቡ፣ ውሃ አያስገቡም የተባሉ ሦስት ካሜራዎች አሳየችኝ። የመጀመሪያው ጥቁርና ቀጭን። ይህ ነው የሚባል ቁልፍ የለውም፤ ሁሉም ነገር መስተዋቱን በመንካት ነው። ጣቴን አርጥቤ ነካሁት። ዝም። ውሃ ውስጥ ይገባል እንጂ እርጥብ ጣት አያውቅም... ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን ያሰበው? ሁለተኛው የክብሪት ቀፎ ያህላል፤ ሰዎች ራሳቸው ላይ አስረውት ከገደል ይዘላሉ አለች። የሱቁን በር አነሣሁበት፤ በሩ እንደ ሙዝ ጎበጠ። ቀጥ ያለው ምሰሶ ጎብጦ ቢደርሳቸው ምን ሊሉኝ ነው? ሦስተኛው ቀይ ነው። ወፍራም፣ አስቀያሚ፣ የሳሙና ቅርጽ ያለው።

«ቀዩን አይናቁት፣ ጋሼ» አለች። «ቢጥሉት አይሰበርም፣ ቢነክሩት አይሞትም። ባሌ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት።»

አልሳቅሁም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

የሦስቱንም መግለጫ ወረቀት ተቀብዬ መጥቼ ነበር። አነበብሁ። የጥቁሩ ሽፋን ላይ በትልልቅ ፊደል፣ ውሃ ፈጽሞ አያስገባም ይላል። ጀርባው ላይ፣ ጉንዳን ራሷ በማጉያ በምታነበው ፊደል፣ ውሃ ገብቶበት ለሚደርስ ብልሽት ኃላፊነት አንወስድም ይላል። በአንድ ወረቀት ሁለት ምላስ። ቅርጫት ውስጥ ጣልሁት።

ቀዩ ስለ ራሱ አይፎክርም። አሥራ አምስት ሜትር ጥልቀት ይችላል። ከሁለት ሜትር ቢወድቅ ይተርፋል። ሌንሱ እዚያው ውስጥ ሆኖ ያቀርባል እንጂ እንደ ኤሊ አንገት ወጣ ገባ አይልም። ቁጥር ብቻ። ደረቅ ጽሑፍ ነው... ሐቀኛ ግን ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ባልዲ ውሃ ይምጣልኝ አልሁ። ማስቲካዋ ማኘኳን አቆመች። ከነከሩት ወስደውታል አለች፤ ካልነከርሁት አልወስደውም አልኋት። ባልዲው መጣ። ካሜራው ሩብ ሰዓት ከውሃው ሥር ተኛ፤ እኔ ሰዓቴን፣ እሷ እኔን እያየን። አውጥተን ከፈትነው። ውስጡ ደረቅ። ገዛሁት።

የባትሪው ክዳን በሁለት መቆለፊያ ነው የሚዘጋው። ዙሪያውን ባለው ጎማ ላይ አንዲት ፀጉር ካረፈች ወንዙ በእሷ በኩል ይገባል አለች፤ መላጣዬን እያየች። ማሰሪያውን እጄ ላይ አጠለቀችልኝ። የማንሻው ቁልፍ ትልቅ ነው፤ ለደነዘዘ ጣት ይመቻል አለች። ጣቴ እንደሚደነዝዝ ማን ነገራት?

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። ውሃው አጥንት ይበላል። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነክሬ ሃያ ሁለት አነሣሁ። በመጨረሻው ላይ ማሰሪያው ሾልኮ ካሜራው ድንጋይ ላይ ወደቀ። አንድ ጭረት፤ ሌላ ምንም። ሥዕሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ የሲሚንቶው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ይኸው እንግዲህ ሥዕላችሁ፤ ብሉት።

ልጄ የተሰጣውን ሱሪ አየች። በዚህ ዕድሜዎ... ብላ ጀመረች። ቀሪውን አልሰማሁም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ሥዕሎቹን ላሳትም ሄድሁ። ማስቲካዋ ኮምፒዩተሯ ላይ ከፈተቻቸው፤ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

«ጋሼ፣ የጥርስ ሐኪም ጋ ነው እንዴ ያነሡት?»

የድልድይ ምሰሶ ነው አልኋት።

«እሺ። ስንት ነው ታዲያ? ቡጢ ነው የሚገባበት ወይስ ላም?»

አያስታውቅም ወይ አልሁ።

«እርስዎ ስላዩት ያውቁታል። እኔ አላየሁትም።»

ሥዕሎቹን ሳላሳትም ወጣሁ። ባለጌ።

ከቀትር በኋላ። የደብዳቤዎቼን ግልባጭ አወጣሁ። አምስቱንም። እጅግ አሳሳቢ በሆነ ሁኔታ... ከዕለት ወደ ዕለት እየሰፋ የመጣው... የከፋ አደጋ ከማስከተሉ አስቀድሞ... ያማሩ ናቸው። አንድ ቁጥር የለባቸውም። ድልድዩ አምስት ምሰሶ አለው፤ የትኛው እንደ ሆነ እንኳ አልጻፍሁም። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው ያሸግሁት።

ሥራችን እንዲህ ነበር፦ አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን በጣቱ ይከተላል። የተዛባውን ለመያዝ። ደራሲው ሳይጽፍ የቀረውን የሚፈልግ አልነበረም፤ ሥራችን አይደለማ። ሠላሳ አንድ ዓመት ገጹ ላይ ያለውን ብቻ አየሁ... ከመጀመሪያው ደብዳቤ ወዲህ አራት ወር ሆኗል። በቀን ሁለት ጊዜ። ልጄ ስንት ጊዜ ተሻገረች? አላሰላውም።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ሙሉ ቀን ዝናብ። ሄደች። ተመለሰች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

አማቼን ለመንሁት። ይህን ቃል ስጽፍ እጄ እንቢ ይላል።

ረጅም ዱላ አምጥቶ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ናስትሮ ጠመጠመበት። ያንኑ ናስትሮ። ምሰሶው ላይ በነጭ ቀለም 3 ብሎ ጻፈ። እሱ ዱላውን ወደ ጉድጓዱ አስገባ፤ እኔ ካሜራውን ነክሬ አነሣሁ። አንድ ጥቁር ገባ። ሁለት። ሦስት... ሰባተኛው ሲገባ ወሬውን አቆመ፤ ያ ሰው ተኝቶም ያወራል። የምሰሶውን ውፍረት በዚያው ዱላ ለካነው። ዘጠኝ ጥቁር።

ከውሃው ወጥቶ ዱላውን መሬት ላይ አጋደመ።

«አባባ፣ ከነገ ጀምሮ እሷ በዚህ አትሄድም።»

አትሄድም አልሁ። አማቼ ከሆነ ጀምሮ የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ሥዕሎቹን ማስቲካዋ አተመችልኝ። ስንት ነው ብላ አልጠየቀችም፤ ጥቁሮቹን ራሷ ቆጠረች። ማኘኳን አቆመች። ለሁለተኛ ጊዜ።

ምሳ ሩዝ ነበር። አልጠየቅሁም።

ሰኞ፣ ግንቦት 19

ስድስተኛውን ደብዳቤ በእጄ ይዤ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄድሁ። አራት መስመር ነው። መግቢያ የለውም። ሦስተኛው ምሰሶ፤ ከውሃው በታች፤ የተቦረቦረው ሰባ ሳንቲ ሜትር፣ የምሰሶው ውፍረት ዘጠና።

መሐንዲሱ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ጥፍሩን በወረቀት ማያያዣ ሽቦ እየጠረገ ተቀበለኝ። ተቀመጡ እንኳ አላለም። በሥዕሉ ላይ ጥቁሮቹን በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ሽቦውን አስቀመጠ።

«ሰባ?»

«ሰባ።»

ስልክ አነሣ። ተናግሮ ሲጨርስ፣ ይህን ከአራት ወር በፊት ቢያመጡልን ምን ነበረበት አለኝ። ይህ ጥፍር ጠራጊ! እውነቱን ነው። እርግጥ በአራት ወር ውስጥ አንድ ቀን እግሩን አንሥቶ አልመጣም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው... የእሱ ግማሽ ይበልጣል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 21

ድልድዩ በጣውላ ተዘጋ። የተለጠፈው ማስታወቂያ በአምስት መስመር ሰባት ስሕተት ተሸክሟል። ሰው ሁሉ በትልቁ ድልድይ ይዞራል። አንዲት ጎረቤታችን ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ማን የሚሉት ሥራ ፈት ነው ያዘጋብን እያለች ስትራገም አጠገቧ ቆሜ ነበር። እውነትሽን ነው፣ ሥራ ፈት ነው አልኋት።

ልጄ አታናግረኝም። በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትነሣለች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ከሌሊት ጀምሮ ዝናብ። ወንዙ ከዳሩ 40 ሳንቲ ሜትር ወጥቷል።

ሦስተኛው ምሰሶ ወደቀ። ከድልድዩ ወለል 14 ጣውላ ይዞ ወረደ፤ 4 ሜትር ከ20። ማንም አልነበረበትም። ዱላውን ዳር ተክዬ 3 አነሣሁ። ካሜራው በስብሶ ነበር፤ በመሐረቤ ጠረግሁት፤ ይሠራል።

ልጄ በትልቁ ድልድይ ዞራ መጣች። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሥዕሉን ከፍቼ ሰጠኋት። ቆማ አየችው።

«አባዬ፣ በስንት ሰዓት ነው የወደቀው?»

ስምንት ከአሥር አልኋት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇ ከካሜራው ላይ አልተነሣም።

የገባችበት ሰዓት፦ 8 ከ50። ከወትሮው 30 ደቂቃ ዘግይታ።