አራት ሰዓት በአውሮፕላን

እሑድ፣ ኅዳር 13። አል ዓይን።

የአባዬን መርዶ ዛሬ ሰማሁ። የሰፈሬ ልጆች ከአቡ ዳቢ በጠዋት መጥተው፣ ማዳምን አስፈቅደው አረዱኝ። ለካ አርባው ወጥቷል። ስደውል እህቴ "ተኝቷል" ትለኝ ነበር። የላክሁለትን ሹራብ እንኳ "ወዶታል፣ ከላዩ አያወልቀውም" ብላኛለች።

ማዳም ቀድሜ የማውቅ መስሏት "ያኔ ብትነግሪኝ በዚያው ቀን ወደ አገርሽ አሳፍርሽ ነበር" አለችኝ። የገዛ አባቴን ሞት ገና ዛሬ ሰማሁ ማለት አሳፈረኝ።

ከሰዓት በኋላ ለእህቴ ደወልኩና ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኳት።

"ሩቅ ነሽ። በሰው አገር ብቻሽን ምን ይውጥሻል ብለን ነው።"

"ቀብሩስ?"

"ወንድምሽ ከመተማ እስኪመጣ ጠብቀን ቀበርነው።"

ከመተማ እስከ ቤታችን ደሴ በአውቶቡስ መንገድ ላይ ይታደራል። ከአቡ ዳቢ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ለእሱ አስከሬን ያቆዩ ሰዎች ለእኔ አንድ ስልክ አልደወሉም። ሩቋ ግን እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ስልኩን ለእማዬ ስጪልኝ ብቻ አልኳት።

"ተኝታለች" አለችኝ።