የጉምቡ ሳጥን

ሰኔ 4
እዚህ ዓረብ አገር ሰፈራችን አል ሀይል በኮሮና ምክንያት ዛሬም ዝግ ነው። ማዳም የበር እጀታውን ሁሉ በበረኪና አስወለወለችኝ። ልጄ ሙሐባ ጋ ኮምቦልቻ ደወልኩ። በላሽ? አዎ። ደህና ነሽ? አዎ። ኻላስ፣ አለቀ። ስድስት ዓመት ያላየኋት ልጅ ምን ታውራኝ... እህቴ ከሪማ ስልኩን ተቀብላ፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ አውሬ እየያዙ የሚያሳድጉበት ጨዋታ ላይ ተጥዳ ትውላለች አለችኝ። ምን ዓይነት አውሬ ይሆን?

ሰኔ 6
ጨዋታውን ስልኬ ላይ ጫንኩት! በዚህ ዕድሜዬ! አንድ ባለ ቀንድ እንቁራሪት ይዤ ለሙሐባ ፎቶውን ላክሁላት። «እማ፣ እሱ እኮ በጣም ደካማው ነው» አለችኝ። ስድስት ቃል። ቆጠርኩት።

ሰኔ 15
አርባ ደቂቃ አወራን፣ አልሐምዱሊላህ። ሁሉም ስለ ጉምቡ። ጉምቡ ሳጥን ያዘለ ጠጉራም አውሬ ነው። ሳጥኑ ተከፍቶ አያውቅም፤ ጨዋታውን የሠሩትም ምን እንዳለበት አልተናገሩም። ተጫዋቹ ቴሌግራም ላይ ይነታረካል። ገሚሱ የሞተ ልጁ አጥንት ነው ይላል፣ ገሚሱ የሰረቀው እንቁላል። የኔዋ ግን፣ «ባዶ ነው። ያለው ሰው አንድ ቀን ያሳያል» አለች።
ስለ ጉምቡ ብቻ ነው ያለችው?

ሰኔ 16
ልብስ ስተኩስ ሳስበው ዋልኩ። ጉምቡ ከመተኛቱ በፊት ዞር ብሎ ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይከታል። ሲያወጣ ግን አይታይም። እዚህ ያለነው ሁሉ አልጋ ሥር ካርቶን አለን አይደል? ለአገር ቤት የተገዛ ይገባል፣ እስከ መሄጃችን አይወጣም። በድምፅ ላክሁላት፦ «ባዶ አይደለም። ቤቱ የሚገባበት ቀን ስላልደረሰ ነው።»

ሰኔ 19
ሦስት ቀን ዝም። አፌ አያርፍ...

ሰኔ 20
ደወለች። ራሷ!
«እማ፣ ያንቺ ሳጥን ውስጥስ ምን አለ?»
ካርቶኑን ጎትቼ በቪዲዮ አሳየኋት። ዘንድሮ እሄዳለሁ እያልኩ በየዒዱ የገዛሁት። ሮዝ ቀሚስ፣ የቢራቢሮ ፀጉር ማስያዣ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ ጫማ። ሁሉም ለዘጠኝ ዓመት ልጅ! አሥራ አምስት ሞልቷታል እኮ። እኔ ሱቅ ስገባ ዓይኔ ላይ የምትመጣው ያችው ትታ የመጣኋት ናት። አፈርኩ። እሷ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

መስከረም 20
ኤርፖርቱ ነገ ይከፈታል። ማዳም ለኅዳር ትኬት እቆርጥልሻለሁ ብላለች፣ ኢንሻአላህ። ሙሐባ የጉምቡን ነገር «የእናቴ ሐሳብ» ብላ ቴሌግራም ላይ ለጥፋው ነበር፤ አጥንት ባዮቹ ሳይቀሩ ተቀብለውታል። ትንሿን ጫማ እንዳትጥይ፣ ማየት እፈልጋለሁ አለችኝ። ካርቶኑ ውስጥ ከሥር አለች። ከላይ ዛሬ የገዛሁት ነጭ፣ ሠላሳ ስምንት። ቁጥሩን ጠይቄያት ነው።