አጁባ ያፈረሰችው ከተማ

ካርቱም፣ ዓርብ፣ የካቲት 13 ቀን 1990

ብርጭቆ በሰበርኩ፣ ሩዝ ባሳረርኩ ቁጥር አሠሪዬ መዳም «አጁባ፣ ሶባን ያፈረሰች» ትለኛለች። እንግዶቿም ይስቁብኛል። ስድብ መሆኑን እንጂ ታሪኩን አላውቅም ነበር።

ዛሬ የእረፍት ቀኔ ስለሆነ፣ ሶባ የምትኖረው የአገሬ ልጅ ዘሀራ ፍርስራሹን ወስዳ አሳየችኝ። ድሮ ወርቅ የሚሸጥበት፣ ነጋዴ ከየአገሩ የሚጎርፍበት ከተማ ነበር አሉ። አሁን የቀይ ሸክላ ስብርባሪና አሸዋ ነው፤ ፍየሎች ይተኙበታል።

«በጦር ነው የፈረሰው?» አልኳት።

«አጁባ የምትባል ሴት ናት ይላሉ። ካንዱ ሹም ወዳንዱ ነገር እያመላለሰች እርስ በርስ አባላቻቸው።»

«በምላሷ ብቻ?»

«በምላሷ ብቻ። ምን ያስቅሻል አንቺ?»

አልነገርኳትም። ሀፍላ ተሳፍሬ ስመለስ ግን መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ።

መዳም አረብኛዬ ከኩሽና የማያልፍ ይመስላታል። ባለፈው ለእህቷ በስልክ፣ «አሮጊቷን አላህ ቶሎ ቢወስዳት ቤቱ የኔ ነበር» ስትል አጠገቧ ወለል እየወለወልኩ ነበር። አሮጊቷ አማቷ ናቸው። ነገ ከጀሪፍ ይመጣሉ፤ ሻይ የማቀርብላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው እንኳ «ቢንቲ»፣ ልጄ ነው የሚሉኝ። ልባቸው ይሰበር ይሆን?

ታባርረኝ ይሆናል። ታባርረኝ። ወላሂ አንዲት ቃል አልጨምርም፣ ያለችውን እንዳለችው ነው የምነግራቸው። ስሙን እንደሆነ ራሷ አውጥታልኛለች።